የትኛው ጎማ ቀድሞ ይከዳል?

ሱሉልታ ከዋናው አስፋልት ወደ ቤቴ የሚያስገባው መንገድ ቢበዛ ሦስት መቶ ሜትር ነው። በበጋ ማንም ልብ አይለውም። ሐምሌ ሲገባ ግን ጥቁሩ አፈር ውሃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ይሆናል፤ መጨረሻው ላይ ያለችው አጭር ዳገትም የሰፈሩን መኪና ሁሉ ትፈትናለች። አምና ክረምት አክስቴንና ሁለት ጎረምሳ ልጆቿን ከኋላ ወንበር አስቀምጬ፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከኋላ ጭኜ፣ ከአዲሱ ገበያ ስመለስ ቪትዟ እዚያች ዳገት ወገብ ላይ ቀጥ አለች። ነዳጅ ስረግጥ የፊት ጎማዎቹ ባዷቸውን ይዞራሉ። ወርጄ አየኋቸው። የጎማው ጥርስ በጭቃ ተደፍኖ ልሙጥ ሆኗል፤ የዞረበት መሬትም በጨርቅ የተወለወለ ይመስል ያብለጨልጫል። ጎረቤቴ፣ ብዙ ዘመን ላዳ ታክሲ የነዱ ሰው፣ ከበራቸው ብቅ ብለው "ልጄ፣ ላዳ ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ቤትህ ገብተህ ቡና ትጠጣ ነበር" አሉኝ።

በዚያ ምሽት እውነታቸውን ነበር። ሁልጊዜ ግን እውነት አይደለም፤ ሁለቱም መኪኖች ባዷቸውን ቢመጡ ቪትዟ ልትወጣ፣ ላዳዋ ልትቀር ትችላለች። ለምን እንደሆነ ማወቅ ከጭቃ ለመውጣት ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ከተማ በሚወርደው እርጥብ ቁልቁለት ላይ ያው ነገር የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ጉልበቱ ከሚደርስበት ጎማ ነው። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ዲዛየርና የመሳሰሉት ሞተራቸውም ካምቢዮአቸውም ከፊት ኮፈን ስር ነው፤ ጉልበቱ በአጫጭር ዘንጎች ለፊት ጎማዎች ይደርሳል። የፊቱ ይጎትታል፣ የኋላው ይከተላል። ላዳ፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስ ታክሲ ሆኖ የሚሠራው ሃይስ ደግሞ ጉልበቱ በመኪናው ሆድ ስር በሚያልፍ ረጅም ዘንግ ወደ ዲፈረንሻል፣ ማለትም ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ወደሚያከፋፍለው ክፍል፣ ሄዶ የኋላ ጎማዎቹ ይገፋሉ። የከተማችንን ጎዳና ለዓመታት የሞሉት ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች መሠረታቸው የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው፤ ሶቪየቶች አጠንክረው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሠሩት። ቪትዝ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል የትንንሽ መኪና ሠሪዎች አብዛኞቹ ወደ ፊት ጎታች ዞሩ፤ ረጅሙ ዘንግ ሲቀር መኪናው ይቀላል፣ ይረክሳል፣ ውስጡም ይሰፋል። ከላዳ ወደ ቪትዝ የተሸጋገረ ሹፌር ግን የቀየረው መኪናውን ብቻ ነው። የእጁና የእግሩ ልማድ ላዳ ላይ የለመደው ነው።

አንድ ጎማ መሬት የሚነካው የእጅ መዳፍ በምታክል ቦታ ነው። ሰው፣ ጤፍ፣ ብረት የጫነው መኪና በሙሉ በአራት መዳፍ መሬት ላይ ቆሟል። እያንዳንዷ መዳፍ መሬቱን የመያዝ አቅሟ በሁለት ነገር ይወሰናል፦ ከላይዋ ባረፈው ክብደትና በጎማና በመሬት መካከል ባለው ሁኔታ። ይህን አቅም መቶ ብር ነው እንበል። መኪናውን ለማዞር ከዚያ ላይ ይከፈላል፤ ለማስኬድም፣ ለማቆምም ከዚያው ነው። ብሩ ሲያልቅ ጎማው ይንሸራተታል።

ሂሳቡ ግን እንደ ኪስ ገንዘብ አይቀነስም። ለመዞር 80 ያወጣ ጎማ ለመግፋት የሚቀረው 20 ሳይሆን 60 ነው፤ ሁለቱ ኃይሎች አንዱ ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ፊት ስለሚሄዱ በቀጥታ አይሻሙም። ይህ ሹፌሩን ያዘናጋል። ኩርባውን ሲጀምር ብዙ የተረፈው ይመስለዋል። ለመዞር 98 ሲያወጣ ግን የሚቀረው 20 ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ መሪ ቢጨምር ወይም ነዳጁን ጫን ቢያደርግ በአንዴ ዜሮ ይገባል። "ደህና ይዞኝ ሲሄድ በድንገት ከዳኝ" የሚባለው ይኼ ነው። ጎማው በድንገት አልከዳም፤ የመጨረሻው ብር ነው ቶሎ ያለቀው።

ፊት ጎታች መኪና ላይ ማዞሩም መጎተቱም፣ ከማቆሙ ሥራ አብዛኛውም፣ የሚከፈለው ከፊት ሁለት ጎማዎች ነው። የኋላዎቹ ብሩን እንደያዙ ይከተላሉ። ኋላ ገፊ መኪና ሥራውን ያከፋፍላል፤ ፊቱ ያዞራል፣ ኋላው ይገፋል። መሪው ንጹሕ ሆኖ እጅ ላይ የሚሰማው፣ ኃይለኛ የውድድር መኪኖችም አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ የሚገፉት ለዚህ ነው። ችግሩ ኋላው ብሩን ሲጨርስ ምን እንደሚመጣ ነው። የእጅ ጋሪ ከፊት ስትስበው ወደሳብክበት ይከተልሃል። ከኋላ ስትገፋው ግን ፊቱ እንቅፋት ካገኘ ቂጡ ወደ ጎን ዞሮ ሊቀድምህ ይሞክራል። መኪናም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ዳገቷ ልመለስ። አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ የምትመዝን ፊት ጎታች መኪና ባዶዋን ስትቆም 600 ኪሎው ከፊት፣ 400ው ከኋላ ያርፋል። እኔ ስገባ፣ አክስቴና ልጆቿ በድምሩ 200 ኪሎ ሆነው ከኋላ ሲቀመጡ፣ ጤፉ ደግሞ ከኋላ ጎማው ባሻገር ሲጫን መኪናዋ 1,320 ኪሎ ትሆናለች። ከተጨመረው ጭነት አብዛኛው የሚያርፈው ግን ከኋላ ነው። ጤፉማ እንደ ሚዛን ጫፍ ሆኖ ፊቱን በጥቂቱ ያነሳዋል። የፊቱ ድርሻ ከ60 በመቶ ወደ 50 ይወርዳል። በየመቶ ሜትሩ 15 ሜትር የምትወጣ ዳገት ላይ ስትቆም ደግሞ ሌላ 45 ኪሎ ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ፊቱ 47 በመቶ ገደማ ላይ ይቀራል። የሚጎትቱት ጎማዎች ድርሻ ቀነሰ፣ የሚጎተተው ክብደት ግን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ጨመረ። የዚያ ምሽት ችግር ይኸው ነው።

ያንኑ ሰውና ጤፍ፣ ባዶውን 540 ከፊት 460 ከኋላ በሚያሳርፍ ኋላ ገፊ መኪና ላይ ብንጭነው ሂሳቡ ይገለበጣል። የሚገፉት ጎማዎች ድርሻ ከ46 ተነስቶ ዳገቷ ላይ 57 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ጭነቱም ዳገቱም ለላዳ ሠሩላት። ባዶ ስትሆን ግን 46 በመቶ ይዛ ከ60 በመቶ ጋር ነው የምትወዳደረው። "ቪትዝ ጭቃ አይችልም" የሚባለው ቪትዝን ሁልጊዜ ሞልተን ስለምንነዳት ነው።

ልብ በሉ፣ ዳገቱ ብቻውን ያሸሸው 45 ኪሎ ነው። ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ ለዳገቱ ይሰጣል፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ትልቁን ለውጥ ያመጣው የሰውና የጤፍ አቀማመጥ ነው፤ ይህ ደግሞ በእጃችን ያለ ነገር ነው። ያን ምሽት ጎረምሶቹን አስወረድኳቸው፣ ጤፉን ከኋላ አንስቼ ጋቢና ከጎኔ አስቀመጥኩት፣ የጎማውን ጥርስ በእንጨት ፈለፈልኩ፣ ነዳጁን ሳላስጮህ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛ ማርሽ ያልኩት ለጎማው የሚደርሰው ጉልበት ለስለስ ስለሚል ነው፤ ጭቃ ላይ ጎማ አንዴ ባዶውን መዞር ከጀመረ ይቆፍራል እንጂ አይወጣም። ሰው ማስወረድ ባይቻል ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፦ መኪናዋን አዙሮ በኋላ ማርሽ መውጣት። ያኔ የፊት ጎማ ወደ ቁልቁለቱ ይሆንና ዳገቱ የሚያሸሸው 45 ኪሎ ወደ እሱ ይመጣል። ጭነቱ ሳይነካ 47 በመቶው 53 ገደማ ይሆናል። ለማየት ያስቸግራል፣ አንገት ያደክማል፤ አጭር ዳገት ላይ ግን ይሠራል።

በነገራችን ላይ ኮረኮንችና ጭቃ የሚመላለስ የፊት ጎታች ባለቤት የሚጎትቱት ዘንጎች ጫፍ ላይ ያለውን የላስቲክ ሽፋን በየጊዜው ዝቅ ብሎ ይይ። ጎማዎቹ እየዞሩም እየታጠፉም ጉልበት የሚያስተላልፈው መገጣጠሚያ እዚያ ውስጥ ነው። ላስቲኩ ከተቀደደ ግራሱ ይወጣል፣ አሸዋ ይገባል። መሪ ጥግ ድረስ ሲዞር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ ዘግይቷል።

ቁልቁለቱ የባሰ ነው። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው መንገድ ጠዋት ጉም ይለብሳል፤ የጎጃም ከባድ መኪና ሁሉ የሚያልፍበት ስለሆነ ናፍጣና ዘይት ይንጠባጠብበታል። በጣም የሚያንሸራትተው ክረምቱ ከገባ በኋላ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የበጋውን አቧራና ዘይት አቡክተው ገና ሳያጥቡት ነው።

መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ በዓመቱ በዚህ መንገድ የጎረቤቴን ላዳ እየነዳሁ፣ እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው፣ ከኩርባ በፊት ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ቀነስኩና ፍሪሲዮኑን በአንዴ ለቀቅኩት። ሞተሩ ጮኸ። ከፊቴ የነበረው አስፋልት ከመስታወቱ ላይ ወደ ጎን ሄደና በቦታው ባሕር ዛፍ መጣ። እግሬ ወደ ፍሬን ሲሄድ "ፍሬኑን ተወው! መንገዱን እይ፣ መንገዱን!" ብለው ጮኹ። መንገዱን ሳይ እጄ መሪውን ወደ መንገዱ አዞረው። መኪናዋ ተመለሰች፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ተወረወረች። ከሁለት ውዝወዛ በኋላ ቀጥ ስትል ዳር አስያዙኝ። "ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?" አልኳቸው። "መሪውን ሰጠሃት፣ ጥሩ። መልሰህ መውሰዱን ዘገየህ" አሉኝ።

የሆነው ይህ ነው፦ ማርሽ ሲቀነስ ሞተሩ የሚነዱትን ጎማዎች ወደ ኋላ ይይዛቸዋል። ላዳ ላይ እነሱ የኋላዎቹ ናቸው። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ኋላው ቀላል ነው፤ በዚያ ላይ ኩርባ ነው፣ እርጥብ ነው። ፍሪሲዮን በአንዴ መልቀቅ የኋላ ጎማዎችን ብቻ የእጅ ፍሬን እንደ መሳብ ነው። ማርሽ ቀንሶ መውረድ ትክክል ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሽ አውጥተው በዜሮ የሚወርዱ ሰዎች ፍሬናቸውን ያቃጥላሉ። ማርሹ የሚቀነሰው ግን መሪው ቀጥ ባለበት፣ ከኩርባው በፊት፣ ፍሪሲዮኑ ቀስ ተብሎ እየተለቀቀ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የነዳጅ ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል፣ ከዚያም በላይ ያጣል። ስለዚህ የእኛ ላዳ ነዳጅ በመረገጧ ብቻ ኋላዋን የምትጥልበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኛን የሚጥለን ማርሽ መቀነስና ፍሬን ነው፤ መግፋት ሳይሆን መያዝ። ሚኒባስም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ስር ስለሆነ ባዶውን ሲሄድ ኋላው ቀላል ነው፤ ማለዳ ተሳፋሪ ሳይጭን የሚበር ሚኒባስ ከሞላው ይልቅ ኋላውን ለመጣል ቅርብ ነው።

ቪትዝ በዚያው ኩርባ ላይ ፈጥና ብትገባ የሚሆነው ሌላ ነው። ሹፌሮች "መሪው አልሰማኝ አለ" ይላሉ። መሪውን ታዞራለህ፣ መኪናዋ ግን ቀጥታ ወደ ኩርባው ውጭ ትሄዳለች። የፊት ጎማዎቹ መቶ ብራቸውን ጨርሰዋል። ያኔ ሁሉም ሰው የሚያደርገው መሪውን መጨመር ነው፤ ብር ላለቀበት ሌላ ዕዳ ማከል ማለት ነው። ነዳጁ ላይ ያለውን እግር ቀስ ብሎ ማላላት፣ መሪውን በጥቂቱ መልሶ መጠበቅ ይሻላል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ጎማው እንደገና ይይዛል፤ መሪው ጥግ ድረስ ዞሮ ከጠበቀው ግን በያዘበት ቅጽበት መኪናዋ ወደ ውስጥ ትወረወራለች።

"ቀስ ብሎ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፊት ጎታች ኋላውን አይጥልም የሚለው እምነት ብዙ ሰው አታልሏል፤ ከላዳ ወደ ቪትዝ ስሻገር እኔንም። ኩርባ መሐል ደንግጠህ ነዳጁን በአንዴ ብትለቅ ክብደቱ ወደ ፊት ይወድቃል። የፊት ጎማዎች በድንገት ይበረታሉ፣ የኋላዎቹ ይቀላሉ፣ ቂጡም ይዞራል። ያ ከሆነ መፍትሔው እንደ ላዳ ነው፤ ዓይን ወደ መንገዱ፣ መሪ ወደ መንገዱ። ከዚያ ግን ልዩነት አለ። ፊት ጎታች ላይ ለስለስ ያለ ነዳጅ መጨመር መኪናዋን ይስባትና ያቃናታል። ላዳ ላይ ያንኑ ብታደርግ መዞሩን ታባብሰዋለህ።

ለመቆም ሁለቱ ልዩነት የላቸውም ማለት ይቻላል። ፍሬን አራቱንም ጎማ ይይዛል፤ ትልቁን ሥራ የሚሠራው በሁለቱም የፊቱ ነው። "የኔ ፊት ጎታች ስለሆነ ቶሎ ይቆማል" ብሎ ከሲኖ ትራክ ጀርባ ተጠግቶ የሚወርድ ሰው ተሳስቷል።

ይህን ሁሉ አሁን የምጽፈው ኋላ ገፊ ወደ ሰፈራችን እየተመለሰ ስለሆነ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። በብዛት ከምናያቸው አንዱ፣ የቮልስዋገኑ አይዲ ፎር፣ ባለ አንድ ሞተሩ ዓይነት የሚገፋው ከኋላ ነው። የድሮዋ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ ከኋላ እንደምትገፋ ማለት ነው። ቢዋይዲ ሲጋል ደግሞ ፊት ጎታች ነው። ሁለቱም ድምፅ የላቸውም፣ ሁለቱም ማርሽ የላቸውም፤ እርጥብ ኩርባ ላይ ግን አንድ አይደሉም። ብዙ ገዢ የትኛው ጎማ እንደሚነዳ ሳይጠይቅ ነው የሚወስደው።

የኤሌክትሪክ ሞተር ለስስ አየር ግድ የለውም፤ እንጦጦ ጫፍ ላይም ጉልበቱ ሙሉ ነው፣ የሚመጣውም እግር እንደነካ ነው። ከኋላ ጎማ ላይ እንዲህ ያለ ጉልበት እዚህ ከፍታ ላይ አልለመድንም። መኪናው ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ጎማው መንሸራተት ሲጀምር ጉልበቱን ይቆርጣል፣ በጣምም ይረዳል። አዲስ ብር ግን አይጨምርም፤ ያለውን እንዳታባክን ነው የሚይዝህ። አይዲ ፎር ሁለት ሺህ ኪሎ ገደማ እንደሚመዝንም አትርሱ፤ ሁለት ቪትዝ ማለት ነው።

በላይኛው ሰፈር ለምንኖር አንድ ነገር ልጨምር። የኤሌክትሪክ መኪና እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይቀየርና ባትሪውን እየሞላ መኪናውን ይይዛል፤ የሚይዘውም የሚነዱትን ጎማዎች ነው። ባትሪው ግን ጢም ብሎ ከሞላ የሚመጣውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ መያዙ ይደክማል ወይም ይጠፋል። ማታ ቤቱ መቶ በመቶ ሞልቶ ጠዋት ቁልቁል የሚወርድ ሰው ትናንት የያዘው መኪና ዛሬ ያልያዘው ለዚህ ነው። ቤቱ ከላይ፣ ሥራው ከታች የሆነ ሰው 80 ወይም 85 በመቶ ላይ ቢያቆመው ለቁልቁለቱ የሚሆን ቦታ ይተርፈዋል።

አሁን የቀረኝ ጎሚስታው ጋ ያለው ነገር ነው። ፊት ጎታች መኪና የፊት ጎማውን ቶሎ ይበላል፤ ስለዚህ ሁለት አዲስ ጎማ የገዛ ሁሉ ፊት ያስገጥማል፣ የተበላውን ወደ ኋላ ይልካል። ጎሚስታውም ሳይጠይቅ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እርጥብ መንገድ ላይ ግን ይህ ጥሩ የሚይዝ ፊትና የሚከዳ ኋላ ይሰጥሃል። የፊቱ ሲከዳ መሪው ይነግርሃል፤ ለማላላት ጊዜ ይኖርሃል። የኋላው ሲከዳ የምታውቀው ከፊትህ ባሕር ዛፍ ሲመጣ ነው። አዲሶቹ ሁለት ጎማዎች ወደ ኋላ ይግቡ፤ መኪናው ከፊትም ይጎተት ከኋላም ይገፋ። ባለፈው ግንቦት ቪትዟን ይዤ ስሄድ ልጁ ክሪኩን ከፊት ሲያስገባ "ከኋላ" አልኩት። "ጋሼ፣ ይቺ እኮ በፊት ነው የምትጎትተው" አለኝ። አውቃለሁ አልኩትና ቸርኬውን እኔው አንከባልዬ ወደ ኋላ ወሰድኩለት።